ቡታብል ፍላሽ ለ6ኛ ትውልድ ኤችፒ፦ ዊንዶውስ 10 አልነሳ ብሏል፣ ዳታው ግን መትረፍ አለበት

የኮዬዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፑ ኤችፒ ፕሮቡክ ነው፤ ኮር አይ5 6ኛ ትውልድ፣ ራም 8 ጊጋ፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ (ኤስኤስዲ አይደለም)። ዊንዶውስ 10 ፕሮ ነበረው። አሁን ሲበራ «ፕሪፔሪንግ አውቶማቲክ ሪፔር» ይልና ስክሪኑ ጠቁሮ ተመልሶ እዚያው ይገባል። ዲስኩ ሲ እና ዲ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። የፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም) ዳታ ሲ ላይ፣ ፎቶና ሰነድ ዲ ላይ ነው። ባክአፕ የለም። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ በቻርጀር ብቻ ነው የሚሠራው። እጄ ላይ ያለው 16 ጊጋ ፍላሽ፣ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እና የተዋስኩት ዊንዶውስ 11 ያለው ላፕቶፕ ነው። ኢንተርኔቱ የስልክ ዳታ ነው፤ ኮዬ ፈጬ ላይ መብራቱም ይቆራረጣል። ዊንዶውስ እንደገና ለመጫን ቡታብል (ኮምፒውተር የሚነሳበት) ፍላሽ መሥራት ፈልጌ ነው፤ ጂፒቲ ላድርገው ወይስ ኤምቢአር (ሁለቱ የዲስክ አከፋፈል ሠንጠረዦች)? ዊንዶውስ 10 ወይስ 11?

ገላን ጥገና
እህቴ፣ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» የሚለውንም ሆነ ፎርማት የሚባለውን ነገር ለጊዜው አትንኪ። ፍላሽ ማዘጋጀቱ የሥራው ቀላል ክፍል ነው። ሰው ዳታውን የሚያጣው ከዚያ በፊት ባለው ላይ ሲቸኩል ነው።

አውቶማቲክ ሪፔር ላይ የሚሽከረከር ማሽን ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱ ደርሶበታል። ወይ ባትሪ በሌለው ማሽን ላይ መብራት ድንገት ሄዶ ዊንዶውስ እየጻፈው የነበረ ፋይል ተበላሽቷል፣ ወይ ሃርድ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ነው። የመጀመሪያው አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን ይድናል። ሁለተኛው አይድንም፤ እንዲያውም መጫኑ ራሱ ለደከመው ዲስክ ከባድ ሸክም ስለሆነ ሊነበብ ይችል የነበረውን ዳታ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ዲስኩን መርምሪ። ኤችፒ ላይ ማብሪያውን እንደተጫንሽ ኢስኬፕን ደጋግመሽ ንኪ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ኤፍ2 የምርመራ ገጹን ይከፍታል። እዚያ የሃርድ ድራይቭ ፈተና አለ፣ ፍላሽ አያስፈልገውም። አጭሩን ፈተና አስኪጂው። «ፌይልድ» ብሎ የስህተት ቁጥር ከሰጠሽ ቁጥሩን ፎቶ አንሺና ማሽኑን አጥፊው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ዳታ ማውጣት ብቻ ነው። ካለፈ ወደ ዳታው ቅጂ እንሂድ።

ሚንት ወዳጅ
ዊንዶውስ የማይነሳበትን ማሽን ዳታ ለማውጣት ሊኑክስ ሚንትን (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ ሥርዓት) ከፍላሽ ማስነሳት በቂ ነው፤ ምንም አይጫንም፣ ዲስኩ ላይ ያለው እንዳለ ይቆያል። የሚንት ፋይል 3 ጊጋ አካባቢ ነው። በስልክ ዳታ ስለሆነ በቶረንት አውርጂው፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፣ እያንዳንዱን ቁራጭም ራሱ ስለሚያረጋግጥ የተበላሸ ፋይል አይሰጥሽም።

በተዋስሽው ላፕቶፕ ላይ ሩፉስን (Rufus፣ ቡታብል ፍላሽ የሚሠራ ፕሮግራም) ክፈቺ፣ የሚንቱን አይኤስኦ (ያወረድሽውን የመጫኛ ፋይል) ምረጪ፣ ሌላውን እንዳለ ትተሽ ስታርት በይ። «አይኤስኦ ሞድ ወይስ ዲዲ ሞድ» ብሎ ከጠየቀ አይኤስኦውን ተቀበይ። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ከላይ በኩል ዲቫይስ በሚለው ቦታ የተመረጠው ፍላሽሽ መሆኑንም በስሙና በመጠኑ አረጋግጪ። ኤክስተርናል ዲስክሽን በዚህ ጊዜ ነቅለሽ አስቀምጪው።

ከዚያ ኤችፒው ላይ ኢስኬፕ፣ ኤፍ9፣ ፍላሹን መምረጥ። ሚንት ሲከፈት ኤክስተርናሉን ሰኪ፣ በፋይል ማሳያው የዊንዶውሱን ክፍሎች ክፈቺ። «በንባብ ብቻ ተከፍቷል» የሚል ነገር ቢመጣ አትደንግጪ፤ ዊንዶውስ በፈጣን መዝጊያ ስለተዘጋ ነው፣ ለመቅዳት ንባብ ይበቃል።

የምትቀጂው፦ ዩዘርስ ከሚለው ፎልደር ውስጥ የራስሽን ስም ሙሉውን ውሰጂ (ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ የቴሌግራም ፋይሎች እዚያ ናቸው)፣ የፒችትሪን የካምፓኒ ፎልደር ሳትመርጪ እንዳለ ውሰጂ፣ ዲን በሙሉ ውሰጂ። የፎንት ፎልደሩንም ጨምሪ። በድሮው ዩኒኮድ ባልሆነ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ካለሽ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ተራ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ነው የሚመጣው።

ቀድተሽ ስትጨርሺ የሁለቱንም ፎልደር ፕሮፐርቲስ ከፍተሽ የፋይሉን ብዛትና መጠን አስተያዪ፣ ጥቂት ፋይሎችም ከኤክስተርናሉ ላይ ክፈቺ። ቅጂው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ ደጋግመሽ አትሞክሪ። መጀመሪያ ፒችትሪውን፣ ቀጥሎ ፎቶውን፣ በሚያስፈልግሽ ቅደም ተከተል ትንሽ ትንሹን ውሰጂ።

እዚያው ሳለሽ «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም ክፈቺና ሁለት ነገር ጻፊልን። አንደኛ፣ ከላይ ፓርቲሽኒንግ በሚለው ፊት ለፊት «ጂዩአይዲ ፓርቲሽን ቴብል» ይላል ወይስ «ማስተር ቡት ሪከርድ»? የጂፒቲና ኤምቢአር ጥያቄሽን የሚፈታው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ የስማርት ዳታ (ዲስኩ ስለ ጤናው የሚመዘግበው) ውስጥ ሪአሎኬትድ እና ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር (የተተኩና የተጠረጠሩ የዲስክ ቦታዎች) የሚሉት ቁጥሮች ስንት ናቸው? ዜሮ ከሆኑ ጥሩ ነው። ፔንዲንጉ ከዜሮ በላይ ከሆነ በዚያ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ አትጫኚ።

ለገጣፎ 7
10 ወይስ 11 ለሚለው፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም (ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ለግል ተጠቃሚ የተራዘመው የደህንነት ማሻሻያ ደግሞ የሚቆየው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም ነው፤ እሱም በማይክሮሶፍት አካውንት መመዝገብ ይፈልጋል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን፣ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) እና ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ሥርዓት እንዳይነሳ የሚከለክል ጥበቃ) ያለውን ነው። 6ኛ ትውልድ ከዝርዝሩ ውጭ ነው።

ሆኖም ሩፉስ ፍላሹን ሲሠራ ያንን ማጣሪያ ሊያስቀር ይችላል፤ 8 ጊጋ ራም ያለው 6ኛ ትውልድም ይሸከመዋል። ወርሃዊ የደህንነት ማሻሻያው ይመጣል። በዓመት አንዴ የሚወጣው ትልቁ ግን በራሱ አይመጣም፤ አዲሱን አይኤስኦ አውርዶ ከውስጥ ሴትአፕን ማስኬድ ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ለእንደዚህ ያለ ማሽን ዋስትና አይሰጥም፤ ይህን አውቆ መግባት ነው። ኮር 2 ዱኦ ያላችሁ ግን አትድከሙ፤ ከዊንዶውስ 11 24ኤች2 ወዲህ ያለው ቅጂ ፕሮሰሰሩ የሌለውን ትዕዛዝ ስለሚጠይቅ ጨርሶ አይነሳም፣ ሩፉስም አያልፈውም።

ከሁሉ በላይ ግን 11ን በሃርድ ዲስክ ላይ መጫን ስቃይ ነው። 240 ጊጋ የሚሆን ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ብትገዢ አሮጌው ዲስክ ከነዳታው ወጥቶ ይቀመጣል፣ መጫኑም በባዶ ዲስክ ላይ ይሆናል። ለዳታውም ለፍጥነቱም ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ሚንት ወዳጅ
ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሚንትን ራሱን ጫኚው እል ነበር፤ 4 ጊጋ ራም ይበቃዋል፣ ማሻሻያውም አይቋረጥም። ፒችትሪ ስላለ ግን አልልም። የሒሳብ መዝገብን በማይደገፍ መንገድ ማስኬድ ልክ አይደለም።

ገላን ጥገና
በኤስኤስዲው ሐሳብ እስማማለሁ። በጀት ካልፈቀደና የዲስኩ ቁጥሮች ዜሮ ከሆኑ በአሮጌው ላይም ይሠራል፤ ግን 11 ሳይሆን 10 ይሻለዋል፣ እሱም ኤስኤስዲ እስኪገዛ ድረስ ብቻ። አሁን የፍላሹን ሥራ ልጻፍ።

አይኤስኦውን ከማይክሮሶፍት ገጽ ብቻ አውርጂ። የሚሰጥሽ ሊንክ የሚሠራው ለ24 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሊንኩን ከማውጣትሽ በፊት ፓኬጅሽ መብቃቱን አረጋግጪ፤ ፋይሉ እንደ ቅጂው ከ5 ጊጋ ተኩል እስከ 7 ጊጋ ይደርሳል። ከብራውዘር ይልቅ ካቆመበት የሚቀጥል ማውረጃ ፕሮግራም ተጠቀሚ። የዊንዶውስ 10 ገጽ ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ሲከፈት አይኤስኦውን ደብቆ ሚዲያ ክሪኤሽን ቱልን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ከስልክ ብራውዘር ሲከፈት ግን አይኤስኦውን ይሰጣል። ወይም ሩፉስ ውስጥ ሰሌክት ከሚለው አጠገብ ያለችውን ቀስት ተጭነሽ ዳውንሎድ ብታደርጊው ራሱ ከማይክሮሶፍት ያመጣዋል።

ፋይሉ ከወረደ በኋላ ሩፉስ ውስጥ ምረጪውና ከአጠገቡ ያለችውን የ«ራይት» (✓) ምልክት ተጫኚ። የሻ 256 ቁጥሩን (የፋይሉን መለያ አሻራ) ያወጣል። የማውረጃ ገጹ ከሚያሳየው ቁጥር ጋር አስተያዪው፤ አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ ሙሉ አይደለም። መጫኑ እኩሌታ ላይ ደርሶ «ፋይል ጎድሏል» ብሎ የሚያቆመው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ፓርቲሽን ስኪም ላይ ጂፒቲ ምረጪ፣ ታርጌት ሲስተም ራሱ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የኮምፒውተር አነሳስ፤ የድሮው ሌጋሲ ይባላል) ይሆናል። 6ኛ ትውልድ ዩኢኤፍአይ አለው፤ በዚያ መንገድ መሄዱ ወደፊትም ይጠቅማል። ኤምቢአር የሚያስፈልገው ዩኢኤፍአይ ለሌለው አሮጌ ማሽን፣ ወይም ኤምቢአር የሆነ ዲስክ ላይ ያለውን የዲ ክፍል ሳይነኩ ሲን ብቻ በሌጋሲ ለመጫን ነው። ፋይል ሲስተሙን (ፍላሹ ፋይል የሚያስቀምጥበትን ዘዴ) ሩፉስ ራሱ ኤንቲኤፍኤስ ያደርገዋል። ፋት 32 ላድርገው አትበይ፤ ዋናው የዊንዶውስ ፋይል ከ4 ጊጋ ስለሚበልጥ ፋት 32 አንድ ፋይል ሆኖ አይቀበለውም።

ስታርት ስትይ የምርጫ ሳጥን ይመጣል። ዊንዶውስ 11 ከሆነ የ4 ጊጋ ራም፣ የሴኪዩር ቡትና የቲፒኤም ግዴታን አስቀር የሚለውን ምልክት አድርጊ። የማይክሮሶፍት አካውንት ግዴታን አስቀር የሚለውንም አድርጊ፤ ይህኛው የሚሠራው ሲጫን ኢንተርኔት ካልተገናኘ ብቻ ነው። ቢትሎከር በራሱ እንዳይበራ የሚለውም ጥሩ ነው፤ ቁልፉን ሳያስቀምጡ ዲስካቸው ተቆልፎ ዳታቸው የቀረ ሰዎች ብዙ ናቸው።

የተዋስሽው ላፕቶፕ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ፍላሹ ሲጻፍ መብራት ቢሄድም አያሳስብም። ኤችፒው ግን ባትሪ የለውም፤ መጫኛው ላይ ዩፒኤስ ተዋሺ ወይም መብራቱ የሚረጋበትን ሰዓት ምረጪ። በመሃል ቢጠፋ ማሽኑ አይሞትም፣ እንደገና ከመጀመሪያው መጫን ነው። ባዮስ (የማዘርቦርዱ መነሻ ፕሮግራም) አፕዴት የሚባለውን ግን ባትሪ በሌለው ማሽን ላይ በፍጹም አትሞክሪ። እሱ በመሃል ከተቋረጠ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል።

ቃሊቲ ማዞሪያ
ስለ ፍላሹ ራሱ አንድ ነገር ልጨምር። ገበያ ላይ 64 ወይም 128 ጊጋ ተብሎ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን 8 የሆነ ፍላሽ ሞልቷል። ኮምፒውተሩ 128 ብሎ ያነበዋል፤ ከእውነተኛው መጠን በላይ የተጻፈው ግን ይጠፋል ወይም ቀድሞ በተጻፈው ላይ ያርፋል። ቅጂው ያለ ስህተት ይጠናቀቃል፣ መጫኛው ግን በየጊዜው የተለየ ቦታ ላይ ይወድቃል። ሩፉስ ውስጥ «አድቫንስድ ፎርማት ኦፕሽንስ» ስር ባድ ብሎክ የሚፈትሽ ምርጫ አለ፤ ሐሰተኛውንም ይለያል። ረጅም ጊዜ ይወስዳል እንጂ አዲስ ለተገዛ ፍላሽ የሚገባ ፈተና ነው። ኤችቱቴስትደብሊው (H2testw) የሚባለው ነፃ ፕሮግራምም ያንኑ ይሠራል።

ሌላው፣ «አክቲቬት የሆነ ዊንዶውስ» እየተባለ በፍላሽ የሚዞረውን አይኤስኦ ለሒሳብ ማሽን አትጠቀሙ። ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። አክቲቬተሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንቲቫይረስ እንዲጠፋ ነው፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ማሽን ላይ የሚጻፍ የባንክ የይለፍ ቃል የግል ነው ማለት አይቻልም። ፈቃድ ይዞ የመጣ ላፕቶፕ ቁልፉ ማዘርቦርዱ ላይ ስለተመዘገበ ያንኑ ዓይነት (ፕሮ ከነበረ ፕሮ፣ ሆም ከነበረ ሆም) ከጫናችሁለት ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። የዊንዶውስ 10 ፈቃድ ለ11ም ይሠራል።

የኮዬዋ
እግዜር ይስጥልኝ። የኤፍ2 ፈተናው አልፏል። በሚንት ሁሉንም ቀድቻለሁ፣ ብዛቱም መጠኑም እኩል ነው። ሪአሎኬትድ 0፣ ፔንዲንግ 0። ዲስኩ «ማስተር ቡት ሪከርድ» ይላል። ኤስኤስዲው ለሚቀጥለው ወር ይቆይ ብዬ ገላን ጥገና እንዳሉት ዊንዶውስ 10 በጂፒቲ አዘጋጀሁ።

አሁን ግን ኤፍ9 ስል ፍላሹ ዝርዝሩ ላይ የለም። የሚንቱ ጊዜ ወዲያው ነበር የታየው። በሌላኛው ላፕቶፕ ላይ ይኸው ፍላሽ ይነሳል።

ገላን ጥገና
ማሽኑ ሌጋሲ ላይ ነው የተቀመጠው ማለት ነው። ዲስኩ ኤምቢአር መሆኑም ያንኑ ይናገራል፤ ድሮ የጫነው ሰው በሌጋሲ ነው የጫነው። የሚንቱ ፍላሽ የታየው ለሁለቱም ዓይነት መነሻ ስላለው ነው። ጂፒቲ ሆኖ የተሠራ የዊንዶውስ ፍላሽ ግን ለሌጋሲ የማይታይ ነው።

ኢስኬፕ፣ ከዚያ ኤፍ10። አድቫንስድ ውስጥ ቡት ኦፕሽንስ ወይም ሴኪዩር ቡት ኮንፊገሬሽን የሚል አለ፤ ሌጋሲ ሰፖርትን ዲሴብል አድርጊ፣ የዩኢኤፍአይ ቡት ትዕዛዝን አብሪ፣ ሴቭ ብለሽ ውጪ። የሴኪዩር ቡት አቀማመጥ ሲለወጥ ኤችፒ እንደገና ሲነሳ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ስክሪኑ ላይ አውጥቶ መልሰሽ እንድትጽፊው ይጠይቃል። ቁጥሩን ጽፈሽ ኢንተር በይ። ካልጻፍሽው ለውጡን ይሰርዘዋል፤ ብዙ ሰው «ባዮሱ አልቀየር አለኝ» የሚለው ይህን መልእክት ሳያነብ ስለሚያልፍ ነው።

አሁንም ፍላሹን ካላሳየ ፈርምዌሩ (ባዮሱ) ለኤንቲኤፍኤስ ፍላሽ የምትጫነውን የሩፉስ ትንሽ መነሻ አልተቀበለም ማለት ነው። ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍተሽ ሞክሪ። እሱም እምቢ ካለ በሚዲያ ክሪኤሽን ቱል አዘጋጂው፤ እሱ ዋናውን ፋይል ይበልጥ ጨምቆ ከ4 ጊጋ በታች ስለሚያደርገው ፍላሹ ፋት 32 ይሆናል፣ ሁሉም ዩኢኤፍአይ ያነበዋል። ኢንተርኔቱን ግን ከአዲስ ይጠይቅሻል።

የባዮሱ ሰዓት ትክክል መሆኑንም እዚያው እይ። ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ተመልሶ ከሆነ የውስጧ ትንሽ ባትሪ አልቃለች፤ ሰዓቱ ካልተስተካከለ በኋላ ኢንተርኔቱም አክቲቬሽኑም እምቢ ይላል።

የኮዬዋ
ባለ 4 አሃዙ ነበር፤ መጣልኝ። ቋንቋ መረጥኩ፣ «ፕሮዳክት ኪ የለኝም» አልኩ፣ ፕሮ መረጥኩ፣ ከስተም ላይ ደረስኩ። ከዚያ ሲን መርጬ ኔክስት ስል፦ ዲስኩ ኤምቢአር ነው፣ በኢኤፍአይ ሲስተም ዊንዶውስ የሚጫነው ጂፒቲ ዲስክ ላይ ብቻ ነው ይላል።

ገላን ጥገና
የሚጠበቅ ነው። ማሽኑ ወደ ዩኢኤፍአይ ተቀይሯል፣ ዲስኩ ግን በድሮው ሠንጠረዥ ላይ ነው። ዳታው ሙሉ ስለተቀዳ ዲስኩን ማጽዳት እንችላለን። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው፦ ከዚህ በታች ያለው ሲንም ዲንም ሁሉንም ያጠፋል።

መጀመሪያ ኤክስተርናሉን ንቀዪ። የዊንዶውስ መጫኛው ላይ ሺፍት እና ኤፍ10ን አንድ ላይ ጫኚ፤ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። በላቲን ፊደል «ዲስክፓርት» (diskpart) ብለሽ ጻፊ፣ ኢንተር። «ሊስት ዲስክ» (list disk) በይው። በመጠን ለዪ፦ 465 ጊጋ የሚለው ሃርድ ዲስኩ ነው፣ 14 ወይም 15 ጊጋ የሚለው ፍላሹ ነው። ሃርድ ዲስኩ 0 ከሆነ «ሰሌክት ዲስክ 0» (select disk 0)፣ ቀጥሎ «ክሊን» (clean)፣ ቀጥሎ «ኮንቨርት ጂፒቲ» (convert gpt)፣ ቀጥሎ «ኤግዚት» (exit) ሁለቴ። ቁጥሩ 0 ነው ብለሽ እንዳትገምቺ፤ አንዳንድ ማሽን ላይ ፍላሹ ነው 0 የሚሆነው።

መጫኛው ላይ ሪፍሬሽ ስትይ «አንአሎኬትድ ስፔስ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ይቀራል። ክፍል አትፍጠሪለት፤ እሱን መርጠሽ ኔክስት በይ። 100 ሜጋ የመነሻ ክፍል፣ 16 ሜጋ የተጠበቀ ክፍል፣ ዋናውንና የሪከቨሪውን ራሱ ይሠራል። ዲን በኋላ ከዲስክ ማኔጅመንት ሲን አሳንሰሽ ታወጪዋለሽ።

የመጀመሪያው ሪስታርት ሲመጣ ፍላሹን ንቀዪ፣ ወይም «ከፍላሽ ለመነሳት ማንኛውንም ቁልፍ ተጫን» ሲል ምንም አትንኪ። ያኔ ቁልፍ የነካ ሰው ተመልሶ የቋንቋ ምርጫው ላይ ይገኛል።

ለገጣፎ 7
ዳታውን ሳያጠፉ ኤምቢአርን ወደ ጂፒቲ የሚቀይር «ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ» (mbr2gpt) የሚባል መሣሪያ ዊንዶውስ ውስጥ አለ። ለዚህኛው ማሽን የሚሆን አይመስለኝም፤ ዲስኩ ላይ የታወቀ ዊንዶውስ መኖር አለበት፣ ዋና ክፍሎቹ ከ3 መብለጥ የለባቸውም፣ ዲ ሎጂካል ሆኖ ከተከፈለ ደግሞ ፍተሻውን አያልፍም። ዊንዶውሱ ደህና ለሆነ፣ ወደ 11 ለማሳደግ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን ከማጽዳት ይሻላል። እሱም ቢሆን ከባክአፕ በኋላ።

አሸዋ ሜዳ
ክሩን ካላጣመምኩ ልጠይቅ። 11ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ከኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ጋር ነው። ፍላሹ በደንብ ይነሳል፣ ዲስክ የሚመረጥበት ላይ ግን ባዶ ነው፤ አንድም ድራይቭ አያሳይም። ባዮሱ ላይ ኤስኤስዲው ይታያል።

ቃሊቲ ማዞሪያ
ወንድሜ፣ ኤስኤስዲው ደህና ነው። ከ11ኛ ትውልድ ጀምሮ ብዙ ላፕቶፕ ላይ ዲስኩ ቪኤምዲ በሚባል የኢንቴል መቆጣጠሪያ በኩል ነው የሚያልፈው፤ የዊንዶውስ መጫኛ ደግሞ ድራይቨሩን ሁልጊዜ አይዝም። ሁለት መንገድ አለ። ንጹሑ፦ ከላፕቶፑ አምራች ገጽ የኢንቴል አርኤስቲ ድራይቨርን አውርደህ ዚፑን ወይም ኢኤክስኢውን ፈትተህ ፎልደሩን ፍላሹ ላይ አስቀምጥ። ኢኤክስኢውን እንዳለ ብታስቀምጠው መጫኛው አያነበውም፤ ውስጡ ያለው የአይኤንኤፍ ፋይል ነው የሚፈለገው። ከዚያ መጫኛው ላይ «ሎድ ድራይቨር» ብለህ ፎልደሩን አሳየው።

ሁለተኛው ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲን ማጥፋት ነው። አዲስ ለሚጫን ይሠራል። ቀድሞ በቪኤምዲ የተጫነ ዊንዶውስ ካለና እሱን ማቆየት ከፈለግህ ግን አታጥፋው፤ በሰማያዊ ስክሪን ይወድቃል።

አሸዋ ሜዳ
ድራይቨሩን ሎድ ሳደርግ ወዲያው ታየ። ተባረክ። ሌላ ኮምፒውተር የሌለው ሰው ፍላሹን በስልክ መሥራት ይችላል?

ሚንት ወዳጅ
ለሊኑክስ ይቻላል። ኤችድሮይድ (EtchDroid) የሚባል ነፃ የአንድሮይድ መተግበሪያ አለ፤ በኦቲጂ ኬብል ፍላሹን ስልኩ ላይ ሰክተህ የሚንቱን አይኤስኦ ይጽፈዋል። ለዊንዶውስ አይሠራም፤ የዊንዶውስ አይኤስኦ እንዳለ ቢጻፍ የሚነሳ አይደለም፣ ፍላሹ ተከፍሎ ፋይሎቹ መዘርገፍ አለባቸው። ስለዚህ በስልክ ሚንትን ጽፈህ፣ ኮምፒውተሩን በሚንት አስነስተህ፣ ከዚያው ላይ በሁለተኛ ፍላሽ ቬንቶይን ትጭናለህ፤ የዊንዶውሱን አይኤስኦ እዚያ ላይ እንደ ተራ ፋይል መቅዳት ብቻ ነው።

ቬንቶይ ብዙ ማሽን ለሚጭን ሰውም ይበጃል፤ በአንድ 32 ጊጋ ፍላሽ ላይ 10፣ 11 እና ሚንት አብረው ይቀመጣሉ፣ ሲነሳ የትኛው እንደሚፈለግ ይጠይቃል። ሴኪዩር ቡት ባለበት ማሽን መጀመሪያ ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ «ኤንሮል ኪ» ብሎ ቁልፉን ማስመዝገብ ነው። ብቻ ከቬንቶይ በተነሳ ሊኑክስ ዳታ ስታወጡ ያንኑ ፍላሽ ለመቅጃ አትቁጠሩት፤ ሥርዓቱ ከዚያው ስለተነሳ ክፍሉ ተይዟል ይላችኋል። መቅጃው ሌላ ዲስክ ይሁን።

የኮዬዋ
ተጭኖ ዴስክቶፑ መጣ። የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ዋይፋይ የሚል ነገር የለም፣ የአማርኛ ሰነዶቼም ይከፈታሉ ግን ፊደሉ ሌላ መልክ ይዟል።

ለገጣፎ 7
ዋይፋዩ ድራይቨር ነው የጎደለው። ስልክሽን በቻርጀሩ ኬብል ላፕቶፑ ላይ ሰክተሽ ዩኤስቢ ቴተሪንግን አብሪ፤ የአንድሮይድ ስልክ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ኢንተርኔት ይሰጣል። ግን እንደተገናኘ ወዲያው ሴቲንግስ ውስጥ ግንኙነቱን «ሜተርድ» አድርጊው፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ አፕዴት በሁለት ሰዓት ፓኬጅሽን ይጨርሰዋል። የዋይፋዩን ድራይቨር በማሽኑ ሞዴል ከኤችፒ ገጽ አውርጂ፣ ትልቁን አፕዴት ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሺ ልቀቂው። አክቲቬሽኑም በዚሁ ግንኙነት ይጠናቀቃል።

ፊደሉ፦ ሰነዱ በኒያላ የተጻፈ ከሆነ በዊንዶውስ 10 እና 11 ኒያላ በራሱ አይጫንም። ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ገብተሽ «ኢትዮፒክ ሰፕሊሜንታል ፎንትስ» የሚለውን ጨምሪ። ሌላ ፎንት ከሆነ ከቀዳሽው የፎንት ፎልደር ላይ የሚያስፈልግሽን ብቻ በቀኝ ጠቅ አድርገሽ ኢንስቶል በይው።

ገላን ጥገና
ፒችትሪን ስትመልሺ መጀመሪያ ድሮ የነበረውን ያንኑ ቅጂ ጫኚ፣ ከዚያ የካምፓኒውን ፎልደር ወደ ቦታው መልሺ። በተለየ ቅጂ ከከፈትሽው ዳታውን ልቀይር ይላል፣ ከተቀየረ በኋላ ወደ ድሮው አይመለስም። ተከፍቶ የመጨረሻዎቹ ምዝገባዎች እስኪታዩሽ ድረስ ኤክስተርናሉ ላይ ያለውን አትንኪ። ደህና ከሆነ ከፒችትሪው ውስጥ ባክአፕ አውጪና በሌላ ፍላሽ ላይ አስቀምጪ።

የኮዬዋ
ፒችትሪው ተከፈተ፣ ኒያላውም ተስተካከለ፣ «ዊንዶውስ ኢዝ አክቲቬትድ» ይላል። ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ፍላሹ ላይ ግን አሁን አንድ ሜጋ የማትሞላ ሌላ ክፍል አብራ ትታያለች። ተራ ፍላሽ እንዴት አድርጌ ልመልሰው?

ቃሊቲ ማዞሪያ
ያቺ ቅድም ገላን ጥገና የነገረሽ የሩፉስ መነሻ ናት። ሩፉስን ክፈቺ፣ ቡት ሰሌክሽን ላይ «ኖን ቡታብል» ምረጪ፣ ፓርቲሽን ስኪሙን ኤምቢአር፣ ፋይል ሲስተሙን ኤክስፋት አድርጊና ስታርት በይ። ሁለቱም ክፍሎች ጠፍተው ሙሉው 16 ጊጋ ይመለሳል። ፍላሹን አሮጌ ፕሪንተር ወይም የመኪና ቴፕ ላይ የምትሰኪው ከሆነ በኤክስፋት ፋንታ ፋት 32 አድርጊው።

ኤስኤስዲው እስኪገዛ የምትቆዪ ከሆነ ግን እንዳለ ተዪው፤ ያኔ ይኸው ፍላሽ ያገለግልሻል።

የኮዬዋ
እንዳለ ይቆይ እንግዲህ። ቀኑንና «ዊን 10 ጂፒቲ» ብዬ ላዩ ላይ ጽፌበታለሁ።